«ቤተር» ስላልሆነችው የጽዳት ሠራተኛ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በወንዶች መኝታ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ትዕግሥት፣ ርኅራኄና ቅንነት መለኪያ አጥተው ሲንከራተቱ ኖረው በአዲሱ የግምገማ ቅጽዎ ላይ «ቤተር» እና «ኖት ቤተር» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ስላገኙ እንኳን ደስ ያለን። የደም ግፊት መለኪያችን ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖት ሳለ ርኅራኄን በእስክሪብቶ ብቻ መለካት መቻላችን ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ስላደረጉልን። «የተሻለ» ቢሉ ኖሮ ሰው ሁሉ «ከማን?» እያለ ያስቸግርዎ ነበር። «ቤተር» ግን ብቻውን ቆሞ ያምራል፤ ጠያቂ የለውም።

አንዲት ሴት ብቻ ጠየቀች። ሁላችንም «እታለም» የምንላት የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ቅጹን የሚሞላው የግምገማ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ርኅራኄዋ «ቤተር» ስለመሆኑ ስትጠየቅ፣ «ከማን ጋር ተወዳድሬ ነው ጌቶቼ? የማን ርኅራኄ እንደሚያንስ እኔ በምን አውቃለሁ?» ብላ በቅን ልቦና መለሰች። በዚያው ቀን «ኖት ቤተር» ተብላ ወደ ልብስ ማጠቢያ ወረደች።

ሦስተኛ፣ ስድስተኛው አልጋ ላይ የተኙት ጡረተኛ አናጺ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ጀርባቸውን በትራስ ደግፋ፣ እስኪውጡ እየጠበቀች ሾርባ የምታጠጣቸው እሷ ነበረች። ከወረደች በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አፋቸውን ገጥመው ቆዩ። በምትኳ የመጣችው ልጅ በቅጹ መሠረት «ቤተር» ስለሆነች ሳህኑን አስቀምጣ በፍጥነት ትሄዳለች። እኔ ብሞክር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ። አልሸሽግዎም፣ መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን እታለምን በኋላ በር አስገባኋት። እጇ በሳሙና ተልጧል። አጠገባቸው ቁጭ ብላ «አባባ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳህኑን ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ትመጣለች፤ የማስገባትም እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን፤ እሷ ግን ወደ ቦታዋ እንድትመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ትዕግሥቷ ቢያልቅም አክብሮቷ ገና ያልተሟጠጠ፣
የወንዶች መኝታ ክፍል ነርስ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ የእርስዎ ርኅራኄ በየትኛው ቅጽ እንደሚለካ ጸሐፊዎን ጠይቄያት «የእሳቸው አይለካም» ብላኛለች። እኔም «ልክ ነሽ፣ የሌለ ነገር እንዴት ይለካል» ብዬ ተሰናበትኳት።