ለሴና ፓስፖርት የፈረምክ ዕለት

ውድ ፍሮምሳ፣

የሴና ፓስፖርት ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ምሳ ከበላን ትንሽ ቆይተናል። ነገ ጠዋት እንበራለን። ልጅህ ከማለዳ ጀምሮ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ዘርግፋ ሦስት ጊዜ መልሳ አዘጋጅታለች። አሁን ደግሞ የዋና መነጽሯን አድርጋ ግቢ ውስጥ ለአከራያችን ልጆች ባሕር ምን እንደሚመስል እያስረዳች ነው፤ አንድም ቀን ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም ከእሷ አልሻልም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ልቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ቢሮ የሰው ስም ከሰው ስም ሳቀያይር ነው የሰነበትኩት።

ይህን ደብዳቤ ነገ አየር ማረፊያ ስታደርሰን በእጅህ እሰጥሃለሁ። ፊት ለፊት ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ሲጻፍ ይሻላል።

መጀመሪያ ጉዞው እንዴት እንደመጣ ልንገርህ፤ ያን ዕለት ላፍቶ አንተ ዘንድ ስመጣ በቅጡ አላስረዳሁህም። ጎፋ ባለው አስጎብኚ ድርጅት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ወደ አገራችን የሚመጡ ቱሪስቶች ለመግባት ምን እንደሚያስፈልጋቸው እነግራቸዋለሁ፣ ሰነዳቸውን አያለሁ። ፓስፖርትዎ ስድስት ወር ይቀረዋል? ቪዛዎን በኢንተርኔት ጠይቀዋል? የመመለሻ ቲኬት ይዘዋል? ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቅኩ እግዜር ይወቀው። የራሴ ፓስፖርት ግን አልነበረኝም። ለምን ብሎ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

መስከረም ላይ አለቃችን አቶ እስጢፋኖስ ሠራተኛውን ሰበሰቡና፣ አብሮን የሚሠራ የዛንዚባር ሆቴል ለአንድ ነባር ሠራተኛና ለአንድ የቤተሰቡ አባል የአራት ቀን ግብዣ እንደላከ፣ ቲኬቱን ደግሞ ድርጅቱ እንደሚችል ነገሩን። ከዚያ ስሜን ጠሩ። ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ለሴና ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፤ በመስኮት በኩል መቀመጥ ይቻል እንደሆነ።

የእኔ ፓስፖርት ብዙም አላስቸገረም። ያስደነገጠኝ የሴና ነው። ልጅ ስለሆነች የልደት ምስክር ወረቀቷና የእኔ መኖር ብቻ አይበቃም፤ አባቷ መስማማቱን ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈርም ተባልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንተን አላናገርኩህም ነበር።

እዚህ ጋ የማፍርበትን ልጻፍ። መካኒሳ መንገድ ዳር ማመልከቻ የሚጽፍ ኖላዊ የሚባል ሰው አለ። ችግሬን ስነግረው፣ አባትየው ያለበት የማይታወቅ ከሆነ ፍርድ ቤት አመልክቼ ብቻዬን መፈረም እንደምችል ነገረኝ። ያለበት አይታወቅም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይታወቅም አልኩት። አባትህ ግቢ፣ ከላሞችህ ጋር እንዳለህ እያወቅኩ። ከመካኒሳ አቦ እስከ አንተ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው፣ ፍሮምሳ። ማመልከቻውን አስጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሴና እርሳስ ስትፈልግ አገኘችው። ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት መጣችና፣ "እማዬ፣ አባዬ ያለበት አይታወቅም ያለው ማን ነው?" አለችኝ።



"እኔ እኮ አውቃለሁ" አለች። "ላፍቶ ከታክሲ ወርደን፣ በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ገብተን፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር።"

በዘጠኝ ዓመቷ ያየችውን መንገድ እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ ይዛው ኖራለች። ማመልከቻውን እዚያው ፊቷ ቀደድኩት።

በማግስቱ አንተ ዘንድ መጣሁ። ከመኪናህ ላይ ፉርሽካ እያወረድክ ነበር። ትጮህብኛለህ ብዬ መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ አንተ ግን ጆንያውን አስቀምጠህ እስክጨርስ ሰማኸኝ። ሴና ደህና መሆኗን ጠየቅከኝ፣ ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቅከኝ፣ በቃ።

የፈረምክ ዕለት ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ወተት አድርሰህ በቀጥታ ስለመጣህ ቦት ጫማህን እንኳ አልቀየርክም ነበር። ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ትተህ ተቀመጥክ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብከው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ትመለሳላችሁ?" አልከኝ።

ፋይሌን ከፈትኩ። የመመለሻ ቲኬቱን፣ የሆቴሉን ማረጋገጫ፣ የመሥሪያ ቤቴን የፈቃድ ደብዳቤ፣ ለቪዛ የሚጠየቀውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣሁ ላሳይህ ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመት የተለማመድኩት ነገር ነው።

አላየኸውም። "ይሄን ለቪዛው ሰዎች አሳዪ" አልክ። "እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።"

"እንመለሳለን፣ ፍሮምሳ" አልኩህ።

ራስህን ነቀነቅክ። ተራችን ደርሶ ሠራተኛዋ በፈቃድህ እንደሆነ ስትጠይቅህ፣ "ልጄ ባሕር ልታይ ነው፣ እንዴት አልፈቅድም" አልካትና ፈረምክ። ሴቲቱ ፈገግ ብላ ማኅተሙን መታችው። እኔ የምትጠይቀኝን ነገር እየጠበቅኩ ነበር። ላያት ይገባኛል ትላለህ ብዬ፣ ይሄን ካላደረግሽ አልፈርምም ትላለህ ብዬ። ምንም አልጠየቅከኝም። በሩ ላይ ስንለያይ አየር ማረፊያ ማን እንደሚያደርሰን ብቻ ጠየቅከኝ፤ ማንም የለም አልኩህ፤ የወተቱን መኪና አጥቤ እመጣለሁ አልክ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታይ ደስ ይልህ ነበር። ለፓስፖርቱ ፎቶ ስትነሳ ሳቋ አልቆም ብሎ ሁላችንንም አሳቀችን። ፓስፖርቱ የደረሰ ቀን የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታ "ሴና ፍሮምሳ" ብላ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ታክሲ ውስጥ ደግማ አነበበችው። የቢጫ ወባ ክትባት አብረን ተወጋን፤ እሷ ክንዷን ዘርግታ መርፌውን እያየች፣ እኔ ፊቴን አዙሬ። ቢጫዋን ካርድ ፓስፖርቷ ውስጥ አድርጋ ትራሷ ሥር ይዛት ነበር የምትተኛው፣ እስክወስድባት ድረስ።

ቪዛው ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። የታንዛኒያን ቪዛ በኢንተርኔት ስሞላ ያንተን ስም በእንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ ፊደል ዘለልኩ። እኔ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ፓስፖርትዎ አድርገው ይጻፉ እያልኩ የምውለው! ስሕተቱን ያየሁት ከላክሁት በኋላ ነው። እንደገና ሞላሁ፣ እንደገና ጠበቅሁ፣ ስድስት ቀን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። መልሱ የመጣው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ተፈቅዷል ይላል። ከወንበሬ ተነስቼ የማደርገውን ሳላውቅ አቶ እስጢፋኖስን አቀፍኳቸው። ለዛንዚባር የሚጠየቀውን የጉዞ ዋስትናም ያኑ ዕለት ጨረስኩ። አሁን ሁሉም ተሟልቷል። አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

የቀረው የእኔ ነው።

ስንለያይ በየእሁዱ እንድትወስዳት ተስማምተን ነበር። ሁለት ዓመትም ወሰድካት፣ አንድ እሁድ አልቀረህም። ከዚያ አንተ ግቢ አንዲት ጊደር ገፍታት ክንዷ ተሰበረ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ፤ ልጄን ልትገድልብኝ ነው፣ ሁለተኛ አታያትም አልኩህ። አንተ ጫማዋን በእጅህ ይዘህ ቆመህ ነበር። ፈርቼ ነበር ፍሮምሳ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት በፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ከፍርሃት አይደለም። ደውለህ ሳላነሳልህ ቀረሁ። ቁጥርህን ዘጋሁት። ሴና ስትጠይቀኝ አባትሽ ሥራ በዝቶበታል አልኳት። ክንዷ በሁለት ወር ዳነ፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ዋሸኋት። ከፈረምክም በኋላ ይህን ሁሉ ሳምንት ያላገናኘኋችሁ ለዚህ ነው። ከተገናኛችሁ ውሸቴን ታውቃለች ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። አልጋው ላይ ልብሷን እያጣጠፍን፣ ነገ የሚያደርሰን አባትሽ ነው አልኳት፤ ቀጥዬ ያ ሁሉ ጊዜ ይደውል እንደነበር፣ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇ ላይ ያለውን ልብስ ያዘችው እንጂ አላጠፈችውም። "ሥራ በዝቶበት አይደለም?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። ተነስታ ወጣች። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ቃል አላናገረችኝም፤ እኔም አልተከተልኳትም፣ ይገባኛል።

ምሳ ላይ ቁጥርህን ጠየቀችኝና ደብተሯ ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፈችው። ከዚያ ሻንጣዋን ዘረገፈች። ሦስተኛው መዘርገፍ ይኼ ነው፤ አባዬ ሲያየኝ የትኛውን ልልበስ እያለች ያላትን ልብስ ሁሉ ለካች። ሰማያዊውን ቀሚስ መርጣለች። ስታያት እንዳትደነግጥ፤ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች።

ይቅር በለኝ ለማለት ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት፤ እነሆ አልኩት። መልስህን ለማሰብ አራት ቀን አለህ፣ አራቱም ቀን ይበቃህ እንደሆነ አላውቅም። የሴናን ግን የአንተን መልስ ሳልጠብቅ ወስኛለሁ። ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናርፋለን። መኪናህን ይዘህ ጠብቀን። ትምህርት ቤት እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ዝግ ስለሆነ ሴና ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ካንተ ጋር ላፍቶ ትሄዳለች፣ ሻንጣዋንም እንደያዘች። እኔ በታክሲ ወደ ቤት እገባለሁ።

ሌንሳ
መካኒሳ አቦ