የዘቢብ ዴስክ

ለእህቴ ለፍሬወይኒ፣ ሎግያ

የሎግያ ሙቀት ሳያቀልጥሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ፣ ክብር ለመድኃኔ ዓለም፣ ደህና ነን።

ሓፍተይ፣ መቐለ ውስጥ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የለም! እሺ፣ በማታ ትምህርታችን ውስጥ ማለቴ ነው፤ እሱም እማማ ሸዋወርቅ መነጽራቸውን ከረሱ።

የምማረው ልጄ ዘቢብ ቀን በምትማርበት ክፍል ነው፤ የምቀመጠውም በእሷው ዴስክ ላይ። ቀን ቀን አራት ሆነው ይጋፉበታል፤ መጽሐፉም ለአራት አንድ ነው። በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለቆየ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ትንንሾቹ «እትዬ» እያሉ ይቀልዱባታል። ጓደኛዋ ሳውዲ ገብታ በየቀኑ ትደውልላታለች።

በወላጆች ስብሰባ ርዕሰ መምህሩ «ልጆቻችሁ ሰነፎች ናቸው፤ የቃላሚኖ ልዩ ትምህርት ቤት ልጆችን እዩ!» ሲሉ ብድግ አልኩ።

«መምህር፣ የበቅሎዋን እግር አስራችሁ ሰነፍ አትበሏት! ለያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ስጡና ያን ጊዜ ፈትኑ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘቢብም ከጎኔ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንቺ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ስለምትሸጪ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ የሚሄደው ሁሉ በፊትሽ ያልፋል። የእናታችን ዓይን ያላት ልጅ ከመቐለ መኪና ስትወርድ ካየሽ፣ እራት አብዪልኝ። ፈተናው ገና ሰኔ ላይ ነው በያት።

ጤናና ሰላም ከደጅሽ አይራቅ።

ወንድምሽ ጎደፋ

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ በስብሰባው ዘቢብ ከጎኔ አልነበረችም። ዴስኩን ግን ማታ ማታ እኔ ይዤላታለሁ፤ ማንም አይወስድባትም!