በዓይን የተለኩት

ጥቅምት 20 ቀን 2003፣ ቅዳሜ

ኪዳን አድርሼ ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ዚፕ መቀየር። የገበያ ቀን ስለሆነ በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለኛል። የስፌት መኪናዋን ትናንት ዘይት አጠጥቻት ዛሬ ድምጿ እንደ ንብ ነው።

ከሰዓት አብዮት መጣ። አስተማሪው፣ የሰፈራችን ወጣቶች ክበብ አስተባባሪ። «ጋሽ ተሰማ፣ የዘንድሮው ልዩ ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። ህዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ አሥራ ሁለት ልጆች አሥራ ሁለት ዓይነት ልብስ ለብሰው ሜዳው ላይ ሊወጡ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የሌላውን። የካፋዋ ልጅ የሐረሪ፣ ከጎጃም የመጣው የአስተማሪ ልጅ የሲዳማ... ሥዕሉ ከካላንደር ተቆርጦ መጥቷል። ሰፊው እኔ!

ሳላስጨርሰው እሺ አልኩ። ስንት ዓመት ሱሪ ሳሳጥር ኖርኩ? በዛወርቅ ብትኖር እልል ትል ነበር። የልኬት ደብተሩን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ ባለቤቴ ትጽፋለች። ካረፈች አምስት ዓመቷ። ዛሬም «ደረት ዘጠና ሁለት» ብዬ ዝም እላለሁ፣ እስክትጽፍ...

አሥራ ሁለተኛው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «እሱ ለማሳቂያ ነው። ቀልደኛችን ኢያሱ ማንጆ ሆኖ ይወጣል።» ያው ከጫካው ዳር ማርና እንጨት ይዘው የሚመጡትን፣ ሰው ቤቱ የማያስገባቸውን ማለቱ ነው።

እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 28

ቀኑን ሙሉ ልኬት። ልጆቹ በሰልፍ መጡ። ሜትሩ ከአንገቴ አልወረደም። አብዮት ይጽፋል፣ እኔ እጠራለሁ። የመጨረሻዋ ብርቄ ነበረች፣ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ፣ የሐረሪውን ቀሚስ የምትለብሰው። እሷን በዓይኔ ለካሁ። ዓይኔ ሜትር ነው! ይህን ቦንጋ ከተማ ሁሉ ያውቃል።

ህዳር 3

የኢያሱ ልብስ አለቀ። ጆንያ ነው፣ ግን እንዴት ያለ ጆንያ! ጫፉን በእጄ ቀደድኩት፣ በጭስ አጠቆርኩት፣ ትከሻው ላይ አሮጌ ቆዳ ጣልኩበት። ከአሥራ ሁለቱ ይህን ወደድኩት። ሰው የሚያወራው ስለዚህ ነው አልኩ በልቤ።

ህዳር 5፣ እሑድ

ልምምድ አዳራሹ ውስጥ። ኢያሱ ፊቱን ከሰል ተቀብቶ ገባ። መንገድ ለቆ ጥግ ቆመ፣ እስከ መሬት እጅ ነሳ፣ ተልወሰወሰ... ሰዉ ፈነዳ። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። «እጅዎ ይባረክ ጋሼ!» ይሉኛል ከየአቅጣጫው። ብርቄ ብቻ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ።

ህዳር 8

ብርቄ ቀሚሱን ይዛ መጣች። ትከሻዋ ላይ ይዟታል፣ እጅ ማንሳት አልቻለችም። የአሥራ አንዱ ልብስ ልክ ሆኗል፣ የእሷ ብቻ...

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔን እኮ አልለኩኝም።»

«በዓይኔ ለክቼሻለሁ።»

«ሌሎቹንስ?»

ቀሚሱን ገልብጬ ስፌቱን ማየት ጀመርኩ።

«እኔ ማንጆ ስለሆንኩ ነው አይደል?» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። መልስም አልጠበቀችም። «ኢያሱ የለበሰው የአባቴ ልብስ አይደለም። አባቴ ገበያ ሲወጣ ኮት ነው የሚለብሰው። የሰፉለት እርስዎ ነዎት፣ ያኔ ገና ተማሪ ቤት ሳልገባ። እጅጌው አጭር ነው። እስከ ዛሬ አጭር ነው።»

በር ላይ ዞር አለች። «ያ ጆንያ ሜዳ ላይ ከወጣ እኔ አልወጣም። ክበቡንም እለቃለሁ።»

ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ህዳር 9

ደብተሩን አወጣሁ። በዛወርቅ የጻፈችውን። ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ... ገጽ በገጽ ገለጥኩ። አንዳንዱ ስም አጠገብ ቁጥር የለም። አንዲት ቃል ብቻ፦ «በዓይን»።

ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። ለገሰ፣ የብርቄ አባት፣ ሦስተኛው። ሰባቱም ማንጆ።

ለካ ዓይኔ ሜትር የሚሆነው ለእነሱ ብቻ ነው። ለቄሱ ሜትር፣ ለመምህሩ ሜትር፣ ለእነሱ በሩቁ አየት ማድረግ። ሳስበው ኖሬአለሁ? አላሰብኩትም። ሜትሬ እንዲነካቸው አልፈለግኩም፣ ያንን ደግሞ ችሎታ ብዬ ጠራሁት። በዛወርቅ ግን አይታለች። አልተቆጣችኝም፣ አልመከረችኝም፣ ጻፈችው ብቻ። አንቺ ሴት...

አቤቱ ማረኝ።

ህዳር 12፣ ሚካኤል

ትናንት ብርቄን አስጠርቼ በሜትር ለካኋት። ትከሻውን ፈትቼ አሰፋሁት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። ቀለል አለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር ላይ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። ደብተሩን፣ «በዓይን» የሚለውን፣ እንዴት እንዳለቀስኩ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ «እንዳንተ ያለ ሰው የት ይገኛል» አለኝ። ደስ አለኝ። በጣም።

ህዳር 13

ብርቄን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ጋሼ፣ እንዴት እንደተጸጸቱ ሰው ሁሉ ይነግረኛል» አለች። «ኢያሱ ግን ትናንትም ከሰል ተቀብቶ ነበር።»

ሌላ አላለችም። አያስፈልግም ነበር።

ማኅበር ላይ ያወራሁት ስለ ማን ነበር? ስለ እሷ? ስለ አባቷ? ስለ እኔ! ኃጢአቴንም እንደ አዲስ ካፖርት ለብሼ ዞርኩበት እኮ።

ህዳር 14

ልምምድ ላይ ሄድኩ። መቀስ ይዤ።

«ያንን ልብስ ስጠኝ» አልኩት ኢያሱን።

«ለምን? ቀልድ ነው እኮ ጋሼ!»

«ስጠኝ።»

«ሰው ሜዳ የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው! እርስዎስ እንባዎ እስኪወርድ የሳቁት አይደሉ እንዴ?»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር... ግን እውነቱን ነው።

«ልክ ነህ። ስቄአለሁ። የሰፋሁትም እኔ ነኝ፣ ጥሩ አድርጌ። የምፈታውም እኔ ነኝ።» ብርቄ ባለችበት፣ ሁሉም እያየ፣ ወንበር ስቤ ክሩን መተርተር ጀመርኩ። አብዮት «ጋሽ ተሰማ፣ ፕሮግራሙ እኮ ጸድቋል፣ ወደ ላይ ሄዷል...» ይላል። «እንግዲያው አሥራ አንድ ነው በላቸው» አልኩት።

ኢያሱ በሩን ደርግሞ ወጣ። አብዮት ፕሮግራሙን ሲያይ ቆየና እስክሪብቶውን አወጣ። አሥራ ሁለተኛውን መስመር ሰረዘው። «ማስተካከል ነበረብኝ፣ እኔው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለብርቄ።

ህዳር 17

ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀን። በባጃጅ እስከ መንገዱ ማለቂያ፣ ከዚያ በእግር። ለገሰ ቤት።

ያ ኮት! ከነአዝራሩ ደህና ነው፣ እጅጌው ግን ከእጅ አንጓው አራት ጣት በላይ ቀርቷል። ከዚያ ሌላ ማየት አቃተኝ።

«ምን እግር ጣለዎት?» አለ። እንግዳ ሳይሆን ፖሊስ የመጣ ይመስል።

ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣

«ብርቄ ባትነግርዎት ኖሮስ?»

«አላውቅም» አልኩ። «ይህን ሳላይ እሞት ነበር መሰለኝ።»

ዶሮ በመካከላችን ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መጨረሻ ላይ እጁን ዘረጋና ኮቱን አሳየኝ። «ይህ አጭር እጅጌ አንድ ጥቅም አለው። ማር ስቆርጥ አይለጠፍበትም!» ሳቀ። እኔ ግን እስክስቅ ቆየሁ፣ መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ሜትሩን ከአንገቴ አወረድኩ። «ይፈቅዱልኛል?» ስለው ዓይኑን አፈጠጠ። እኩያዬ ነው፤ ስንት ዘመን «አንተ» ስለው፣ እሱ «እርስዎ» ሲለኝ... «ኧረ እባክህ!» አለ። «በስተርጅና አንቱ አትበለኝ። አንተ ካልክ እኔም አንተ እልሃለሁ።» ተስማማን።

ትከሻው ላይ ሜትሩን አሳረፍኩ። የአንድ ሰው ትከሻ ነው። ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ነበር?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሚስቱ የተቀቀለ ጎደሬ ከማር ጋር አቀረበች። እቤታቸው ውስጥ፣ አንድ ሰሃን ላይ። በላሁ። ጣቴንም ላስኩ። ለገሰ «ቀስ በል፣ የሚወስድብህ የለም» አለኝ።

ህዳር 20

እትዬ ፀዳለ ለገና ያመጣችውን ጨርቅ ወሰደች። «ያ ሜትር እነሱን ነክቶ እኔን? ሰፊ የጠፋ መሰለህ?» ሃያ ዓመት ደንበኛዬ ናት። ተቆጣሁ፣ ከዚያ አፈርኩ። የዛሬ ወር እኔ ነበርኩ እኮ እሷ።

ህዳር 22

ኢያሱ መጣ። አኩርፎ፣ ከንፈሩን ጥሎ። በር ላይ ቆሞ «ያለ እኔ ሊያደርጉት ነው» ይላል። «ሰው የሚስቅበት ነገር ካልያዝኩ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ማሳቅ ከፈለግህ በእኔ አሳቅ!» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ሜትሩን ከጠረጴዛ አነሳ፣ አንገቱ ላይ ጣለ፣ እኔ መነጽሬን እንደምገፋው ባዶ አፍንጫውን ገፋ ገፋ አደረገ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፦ «ደረት... ሰማንያ! ወገብ... ምን አደከመኝ፣ ዓይኔ ሜትር ነው!»

ድምፄ! ጉሮሮ አጠራረጌ ሳይቀር!

ወጋኝ። አልዋሽም፣ በጣም ወጋኝ። ሱቁን ዘግቼ ልሂድ አልኩ። ከዚያ የዚያን እሑድ ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ እንደቆመች ትዝ አለኝ። ይህ የኔ እንኳ እውነት ነው፤ የእሷ ውሸት ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «መጀመሪያ ፊትህን ታጠብና ብርቄ ጋ ሂድ። አባቷ ጋም።»

ህዳር 24

ኢያሱ ሄዷል። ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ጆሮው ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ተመለሰ። የማር ዕቃ በእጁ ይዟል።

ሽርጥ እየሰፋሁለት ነው። የኔን ሽርጥ፣ ልክ የኔን፣ ከነኪሱ ቀዳዳ። ኢያሱን በሜትር ለካሁት። «በዓይን አይሻልም?» ይለኛል፣ ሌባ!

ህዳር 29

ዛሬ... ከየት ልጀምር?

ሜዳው ሞልቷል። ከዋጫ፣ ከደካ ሳይቀር የመጣ ሰው አለ። ብርቄ በሐረሪው ቀሚስ ስትወጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ እስከ መጨረሻ። ለሰዉ ሰላምታ ነው። እኔ ግን ትከሻውን ነበር የማየው። አልያዛትም!

መጨረሻ ላይ ኢያሱ፣ በሽርጤ። አንድ ወፍራም ልጅ አቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ዓይኔ ሜትር ነው!» ብሎ የሕፃን ቁምጣ ሰጠው። ልጁ አንድ እግሩን አግብቶ እየዘለለ ሜዳውን ዞረ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ! ሁሉም እኔን ይፈልጋል፣ በጣት ያሳየኛል። ከዚያ ብርቄ ገባች፣ ሜትሩን ከኢያሱ አንገት አወረደች፣ ልጁን ለካችው፣ ጮክ ብላ ጠራች፦ «ወገብ! መቶ አራት!» ጭብጨባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሰማ አይቀርም።

አጠገቤ ለገሰ ቆሟል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው እሱ ነው። ጀርባዬን መታኝ። «አንተን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አንተን!» አለ ደግሞ፣ እንባውን በአዲሱ ኮት እጅጌ እየጠረገ። እጅጌው እስከ እጅ አንጓው ደርሷል።

ስቄ አላባራ አልኩ። እንዲህ ቀልሎኝ ስስቅ በዛወርቅ ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ህዳር 30

ደብተሩን ከፈትኩ። የእሷን ጽሑፍ አልሰረዝኩም። ከሥሩ በራሴ ብዕር ጨመርኩ፦

ለገሰ። ደረት 96። ወገብ 84። እጅጌ 63። በሜትር።

ስድስት ስም ይቀራል። አንዱ አርፏል አሉኝ፤ ለልጁ እሰፋለሁ። አንዱ ዋጫ ነው የሚኖረው። ለገሰ ቤቱን ያውቀዋል፣ አብሬህ ልሂድ ብሏል። ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነው።