ዝገቱ ነጭ ስለሆነው ድልድይ

ይድረስ ለክቡር የድልድዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርትዎ እንከን የማይወጣለት ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት አሉሚኒየም ስበይድ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በባሕሩ ዳር ባለው የአሉሚኒየም የእግረኞች ድልድይ ላይ የጽዳት ሠራተኛዎ ናት።

አንደኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በድልድዩ መጋጠሚያዎች ላይ ነጭ ዱቄት ማየቴን ባመለከትኩ ጊዜ መርማሪ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በያዘው ቅጽ ላይ ዝገት ማለት «ቀይ ወይም ቡናማ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ነጩን «አቧራ» ብሎ መዝግቦት ሄደ። አሉሚኒየም ሲዝግ እንደማይቀላ ላስረዳው ብሞክር፣ ቅጹ ለዚያ ቦታ የለውም አለኝ።

ሁለተኛ፣ አቧራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጠራጊ አስፈልጎ ባለቤቴን ስለቀጠሩልን ውለታዎን አንረሳም።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ልድፈር። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ የሚጠብቀውም እሱ ነው። የባሕር ነፋስ የሚያመጣው ጨው ግን ያንን ሽፋን በየነጥቡ ይበሳዋል። ጽሕፈት ቤትዎ ይጠንክር ብሎ በማይዝግ ብረት ቡሎን ያሰረበት ቦታማ፣ ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ቡሎኑ ይተርፋል፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ይህን የምለው ስለ ድልድዩ ነው።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት በቀን አንድ እፍኝ ትጠርግ ነበር፤ አሁን ማፈሻዋ ይሞላል። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን ሳለ እጇን ሰብስባ፣ «ስማኝማ፣ እኔ እኮ የምጠርገው ድልድዩን ነው» አለችኝ። ሥራውን ተይው ብላት፣ የሰፈሩ ልጆች በዚያው ላይ ትምህርት ቤት እየሄዱ እኔ ብቻዬን ልዳን ወይ ብላ እምቢ አለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ግን በየቀኑ በሩ እስኪከፈትና ድምጿን እስክሰማ ድረስ ፍርሃት ይይዘኛል።

በመጪው ሳምንት የድልድዩን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ከመላ ሠራተኛዎ ጋር መሐሉ ላይ ቆመው ንግግር እንደሚያደርጉ ሰምተናል። ንግግሩ አጭር፣ ጭብጨባውም ለስላሳ እንዲሆን ከልብ እንመኛለን።

በቀይ ቀለም ላይ ላለዎት ጽኑ እምነት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የጠራጊዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤው ጋር ያያያዝኩት ቡሎን ዛሬ ከባለቤቴ ማፈሻ ውስጥ የተገኘ ነው። ማንም አልፈታውም፤ መጥረጊያ ነክቶት ወጣ። እንደተባለለትም አልዛገም። የሌለው፣ ቡሎኑ ይዞት የነበረው አሉሚኒየም ነው።