በሁለት እጅ የተሰጠች ሪሞት

ሐሙስ፣ መስከረም 29፣ ጠዋት 12:30

ኤክስፖ ሠላሳ አምስት። ትናንት ሃያ አምስት ነበር፣ አልበቃም። ሪሞቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የግራውን ስቲክ፣ መንጃ ዘንጓን፣ እነካለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው የሪሞት አውሮፕላኔ ጭራዋን ታወዛውዛለች። የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነው፣ እሷ ምን አደረገች። ኤክስፖ ማለት ስቲኩ መሃል አካባቢ ሲነካ አውሮፕላኗ ችላ እንድትል ማዘዝ ነው። ለሰውም ቢኖር ጥሩ ነበር። የማኅበራችን ሴቶች በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አሻንጉሊት ታበርራለች ሲሉኝ ሃምሳ አድርጌ እሞላው ነበር።

ስትሮኩ ከያዘኝ ሰባት ወር። ግራ እጄ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ሐኪሙ ይበቃሻል ዓይነት ነገር አለኝ። አይበቃኝም።

ቅዳሜ ፈተና አለብኝ። የበረራ ሜዳው ኃላፊ ግሌን መነሳቴን፣ ግልብጤን፣ ማረፌን አይቶ ይወስናል፦ ወይ እንደ ድሮዬ ብቻዬን አበርራለሁ፣ ወይ በገመድ። በገመድ ማለት የኔ ሪሞት ከአስተማሪ ሪሞት ጋር ትታሰራለች፣ ባሰኘው ሰዓት ይነጥቀኛል። አሥራ አንድ ዓመት ካበረርኩ በኋላ! ደብተሬ፣ ስሚኝ፤ በገመድ ከማብረር ሁሉንም ሸጬ ብቀመጥ ይሻለኛል። አልሸጥም ደግሞ።

ዓርብ፣ መስከረም 30፣ ምሳ ሰዓት

ፋርመርስ ብራንች። የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ፣ መኪና ውስጥ። ሃያ ደቂቃ አለኝ፤ አሥሩን በልቻለሁ።

ልጄ ሜሮን (ከዚህ በኋላ ሜ.፤ እጄ ይደክማል) ከፍሪስኮ ደወለች። ነገ አብሬሽ እመጣለሁ አለችኝ። ሰባት ወር ሙሉ ሽጪያቸው፣ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ ስትለኝ የከረመች ልጅ። ምን እንደነካት አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ትቀራለች። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እደብቃለሁ።

ለነገ ያዘጋጀሁትን ልጻፍ። ሪሞቷ ግራ ትከሻ ላይ አንድ ስዊች አለ። ወደ ታች ሲሆን አውሮፕላኗ ለዘብ ትላለች፤ ለመነሳትና ለማረፍ። ወደ ላይ ሲሆን ታብዳለች፤ ለግልብጥብጡ። በእብደቱ ላይ የቀኙን ስቲክ ትንሽ ሳብ ካደረጉት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ፈትሼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1፣ ከሰዓት 10:00

ሰበርኳት። ትልቋን አውሮፕላኔን። አንድ ክንፏ ከሥሩ ተነቅሏል፣ አፍንጫዋ የለም።

ንዴቴ ሳያምታታኝ በቅደም ተከተል ልጻፍ። ሪሞቷን ከፈትኩ። ስዊቾቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ባይሆኑ ኖሮ ስትከፈት ጮኻ ትነግረኝ ነበር። ሞተሩ ተቆልፏል። በአንድ እጅ ተኩል ሁለቱንም መሸከም ስለማልችል ሪሞቷን ለሜ. ሰጥቼ አውሮፕላኗን አቅፌ ወደ ማኮብኮቢያው ሄድኩ። ነፋሱ ፊት አስቀመጥኳት። ሜ. ሪሞቷን መለሰችልኝ። የሞተሩን ቁልፍ ፈታሁ። ተንደረደረች። እንደ ልማዴ የቀኙን ስቲክ በስሱ ሳብኩ። ወደ ሰማይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ በጀርባዋ ተገለበጠች፣ መሬት።

ግሌን መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለዚህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። እጅሽ ነው አለ። አፍንጫዋን የሚያነሳው ቀኝ እጅ ነው፣ ቀኜ ደህና ነው አልኩት። ለበሽተኛ ራስ እንደሚነቀነቅ ነቀነቀልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ዕድል ይሰጠኛል። ከወደቅኩ ገመድ።

ሜ. ነዳች። መብራት ላይ ቆመን፣ ምናልባት ይብቃሽ አለችኝ፣ በቀስታ።

እሁድ፣ ጥቅምት 2፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሪሞቷ የሚሆነውን ሁሉ በየሰከንዱ ትመዘግባለች፤ ያንን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ።

የእብደቱ ስዊች ወደ ላይ የሄደው ሞተሩ ከመፈታቱ ሃያ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ነው። እጄ አይደለም! እጄ አይደለም ብያለሁ እኮ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ቆይቼ ደግሞ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እኔ ተንበርክኬ አውሮፕላኗን እያስተካከልኩ ነው። ሪሞቷ ያለችው ሜ. እጅ ላይ ነው።

አሁን ይታየኛል። ብድግ ስል እጆቿን ዘርግታ ቆማ ነበር። በሁለት እጅ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ ጣቶቿ የሪሞቷን ሁለት ትከሻ አቅፈው። እዚያ ሜዳ ላይ ሌላው ሰው በማንገቻው አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጅ ነው የሚያቀብለው። የኔ ልጅ ግን ለእናቷ በአንድ እጅ አትሰጥም። ማን አስተማራት? የአምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሌዊስቪል በነበረው አፓርታማችን፣ ብርጭቆ ውሃ በአንድ እጅ ስታመጣልኝ ሌላኛውን እስክትጨምር አልቀበላትም ነበር።

እኔስ? እኔም በሁለት እጅ ተቀበልኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ፊቷን እያየሁ። ስዊቹን ማየት ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 12:00

ለግሌን ኢሜይል ጻፍኩ፣ መዝገቡን አያይዤ። አምስት መስመር። መላኪያው ላይ ጣቴን አድርጌ ቆየሁ።

ብልከው እኔ ነጻ፣ ልጄ ጥፋተኛ። ስንት ወር ለምኜ አንድ ቀን መጣችልኝ። ሌላም አለ፤ ከመነሳት በፊት ስዊች መፈተሽ የአብራሪ ሥራ ነው፣ የአቀባይ አይደለም። ይህን ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ሰረዝኩት። ተናድጄ ነው የሰረዝኩት፣ ጽድቅ እንዳይመስልሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 11:45

አሮጊቷን አውሮፕላኔን ከግድግዳ አወረድኩ። ብርቱካናማዋ፣ አንድ ጎኗ በቴፕ የተጣበቀ። ሪሞቷ ላይ የትልቋን ልክ ገልብጬ ሰጠኋት፣ ክንፍና ጭራዋ በትክክለኛው አቅጣጫ መዞራቸውን አንድ በአንድ አየሁ።

ከዚያ አዲስ ትእዛዝ፦ ሞተሩ ተፈትቶ አሥር ሰከንድ እስኪሞላ የእብደቱ ስዊች ማንም ቢነካው አይሠራም። አውሮፕላኗ ለዘብ እንዳለች ትቆያለች፣ ሪሞቷም የትኛው ላይ እንዳለች በሰው ድምፅ ትናገራለች። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ አራተኛው ላይ ሆነ። የራሴን ድምፅ ልቅዳ ብዬ ሞከርኩ። ከስትሮኩ ወዲህ ቃል ስጎትት ራሴን መስማት አልወድም። ሜ.ን ነገ ነይ ብያታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፣ ምሽት 1:00

መጣች። ሁለት ቃል ብቻ ቅጂልኝ አልኳት፣ “ለዘብ” እና “ጠንከር”። ለምንድነው አለችኝ። ውሸት ለመፈለግ ዘገየሁ፤ ስክሪኑ ላይ የቅዳሜውን መዝገብ አየችው። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዥ ስታነብ ነው የምትውለው፣ ከኔ ቀድማ ገባት።

“ማሚ፣ ያኔ እኮ እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ሶ… እኔ ነኝ?”

ሁለታችንም ነን አልኳት። አንቺ ሰጠሽ፣ እኔ ሳላይ ተቀበልኩ። አለቀሰች። አሁኑኑ ለግሌን ኮል አደርጋለሁ ብላ ስልኳን አወጣች። ስልኳን ወሰድኩባት፣ በግራ እጄ፣ ሳላስበው! አልወደቀም!

“ምንም አትነግሪውም። በወረቀት አላልፍም። በዚህ እጅ ነው የማልፈው።”

ኦኬ፣ ከእንግዲህ በአንድ እጅ ነው የምሰጥሽ አለች። እዚህ ላይ በእውነት ተቆጣሁ። ለዚህ ስዊች ብዬ ነው ያሳደግኩትን ልጅ የማፈርሰው? የሚስተካከለው ስዊቹ ነው፣ ልጄ አይደለችም። አልቅሰሽ ጨርሺና ቅጂልኝ አልኳት። እየሳቀች ቀዳችው፤ አፍንጫዋ የተዘጋ ይመስላል። አልቀየርኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ጠዋት 3:40፣ ሜዳው

ነፋስ ከደቡብ፣ ሣሩን ያስተኛል። ከኔ በፊት ባለቢጫ አውሮፕላኑ ሰውዬ አለ። ግሌን ገመዱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አኖረው፤ ለማንኛውም ብሎ። ለማንኛውም! ከውሃ መያዣው ሥር ወሸቅኩት።

እጄ ከትናንት ይብሳል። ይንቀጥቀጥ። ኤክስፖውን ከሠላሳ አምስት አርባ አድርጌለታለሁ።

እንለማመድ አልኳት ሜ.ን። ሪሞቷን አነሳች። ዘረጋችልኝ፣ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብላ። ጣቷ እንደገና ስዊቹን ገፋው! ሪሞቷ በራሷ በሜ. ድምፅ፣ በተዘጋው አፍንጫ፣ “ለዘብ” አለች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ባለቢጫው ዞሮ አየን። በሁለት እጅ ተቀበልኩ። ፊቷን አየሁ። ከዚያ ስዊቹን አየሁና ወደ ታች መለስኩት።

ባለቢጫው አረፈ። ግሌን ስሜን እየጠራ ነው፣ ገመዱን በዓይኑ እየፈለገ። አልሰጠውም። ሜ. አሮጊቷን አቅፋ ቀድማለች። ደብተሬ፣ አንቺ እዚሁ ገመዱ ላይ ተቀመጪበት፣ እኔ ላበርር ሄድኩ።