መሳቢያዎ ውስጥ ስለተቆለፉት አሥራ ስድስት ፎቶዎች

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ፈለቀ
የልማት መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለሱ ለሚደክሙት እግሮችዎ ብርታትን እመኛለሁ። እኔ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ሦስት ማመልከቻ ጽፌ ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ስላልወጡ፣ አራተኛውን ከተማው ቢያነበው ምናልባት በአንዱ አንባቢ በኩል እርስዎ ዘንድ ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ቀርፋፋ ነው፤ ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ እርስዎም ለማንበብ ቢዘገዩ አልፈርድብዎትም።

ወርቅአፈራሁ እባላለሁ። ኮሪደርዎ ላይ ጥቁር ለብሳ ስትጠብቅ የሰነበተችው ሴት ነኝ። በመናፈሻዎ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ፎቶ እያነሳ ይተዳደር የነበረው የበእምነት እናት ነኝ።

የልጄ አሠራር እንዲህ ነበር። ሰውን ያነሳና የሚቀጥለው እሑድ እዚሁ አመጣለሁ ይላል፤ ያመጣልም። ስም አይጠይቅም ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጀርባው ላይ የሰውየውን ልብስና አንድ የሚያስታውሰውን ነገር በእርሳስ ይጽፍና በዚያ ባለቤቱን ይለያል። ጥር 15 ቀን፣ ሠርግ ሊያነሳ ወደ ዋጫ ሲሄድ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ስለ ሐዘኔ ይህ ይበቃል፤ የእርስዎን ቢሮ የሚመለከት ጉዳይ አይደለምና።

መጋቢት 5 ቀን፣ እሑድ፣ መናፈሻዎ ውስጥ ለመግባት ፈጽሞ ሐሳብ አልነበረኝም። ልጄ ፊልም ያሳጥብበት የነበረው የፎቶ ቤት ባለቤት እስክንድር አስጠርቶኝ፣ ልጄ ለሠርጉ የእርሱን የተሻለ ካሜራ ተውሶ የራሱን እዚያ ትቶት እንደነበር ነግሮ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ታጥበው ለባለቤቶቻቸው ያልደረሱ ሃያ ሦስት ፎቶዎችም በፖስታ ሰጠኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ በመናፈሻው አጥር በኩል አንዲት ቢጫ ሹራብ ያደረገች ልጅ አየሁ። ፖስታውን ስከፍት ከላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱ እርሷን ይመስላል፤ በጀርባው የልጄ ጽሑፍ «ቢጫ ሹራብ፣ ስትስቅ ዓይኗን ትጨፍናለች» ይላል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እስክትስቅ ድረስ ልጠብቅ ብዬ ገብቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው ማየት ይህን ያህል ሥራ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሣሩ ላይ የሚያንኮራፋ ሾፌር ነበር። አንድ ለስላሳ ለሦስት የሚጠጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ጠርሙሱ ተራውን ጠብቆ በዞረ ቁጥር የሌላው ጉሮሮ ስንት ጊዜ እንደዋጠ ይቆጥራሉ። ዘመድ ያየናል ብለው ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው የተቀመጡ፣ ግን በጀርባቸው የሚያወሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ልጄ ለአራት ዓመት በየሳምንቱ ምን ሲያይ እንደኖረ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጅቷ ሳቀች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ፀዳለ ትባላለች፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ፎቶውን ስሰጣት መጀመሪያ የተናገረችው «ያ ውሸታም ነው የላከዎት?» የሚል ነበር። ፎቶውን ለእናቷ ልትልከው፣ ሰባት እሑድ ተመላልሳ አጥታዋለች። መሞቱን ስነግራት አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ እኔ መባበሌ ቀርቶ እርሷን ማባበል የእኔ ሥራ ሆነ። ክቡር ሆይ፣ ሐዘን የለመድኩ መስሎኝ ነበር። ልጄ ከተቀበረ ወዲህ እሑድ እሑድ መናፈሻዎ ውስጥ ውሸታም ሲባል መክረሙን ግን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እስኪመሽ ድረስ፣ በልጄ ጽሑፍ እየለየሁ፣ የእርሷን ጨምሮ ሰባቱን ለባለቤቶቻቸው አደረስኩ። ካሜራውን አንገቴ ላይ ያዩ ሰዎች ደግሞ አንሺን፣ አንሺን አሉኝ። አላውቅበትም ብል ያ የባጃጅ ሾፌር «እናቴ፣ አንቺ ተጫኚው እንጂ እኔ ነኝ የማምረው» ብሎ ድርቅ አለ። በድምሩ አራት ጊዜ ተጫንኩ። አንዱ ምናልባት የራሴ ጣት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥበቃው ስለ አቶ ደጉ ንቃት አመሰግናለሁ። አጥሩ ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል፤ ፍየሎች ሲገቡበት አይተው አያውቁም፤ እኔን ግን ከመናፈሻው ማዶ ሆነው አዩኝ። በመናፈሻው ፎቶ ማንሳት የተፈቀደው ለተደራጁ ወጣቶች ብቻ መሆኑን ነግረውኝ «እማማ፣ እርስዎም ተደራጅተው ይምጡ» አሉኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከወጣት ጋር ስለቆጠሩኝ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ካሜራውንም ፖስታውንም ተቀብለውኝ ለቢሮዎ አስረከቡ። በዚያች ደቂቃ ከደካ የመጡ አንድ ሽማግሌ ፎቷቸውን ሊቀበሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆመው ነበር። የእርሳቸው ፎቶ ጀርባ «የደካው አባት፣ ኮቱ የእኔ ነው» ይላል፤ ለፎቶ እንዲያምርባቸው ልጄ የገዛ ኮቱን አልብሷቸው ነበር። አቶ ደጉ ፎቶውን ከእጄ ሲወስዱት ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ «ልጅሽም እንዲሁ ነበር እሑድ፣ እሑድ የሚለኝ» ብለውኝ ሄዱ። እኚህ ሰው ዛሬም ልጄ የዋሻቸው ይመስላቸዋል።

2ኛ. ቢሮዎ ስለሰጠኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ሰኞ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ማክሰኞ ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ረቡዕ ግምገማ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ረቡዕ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኝ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት አስረዱኝ፤ ከዚያም ዕቃውን ለማስመለስ አሥር አባላት ያሉት ማኅበር አቋቁሜ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ አስመርጬ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ እንድቀርብ አዘዙኝ። አስቤበታለሁ። ልጃቸው ሞቶ ያላደረሰውን ፎቶ የሚያድሉ እናቶች ማኅበር መሆኑ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ የቀሩት ዘጠኝ እናቶች እንዲገኙ አልመኝም፤ እርስዎም ባይመኙ መልካም ነው።

3ኛ. ለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ባለቤቶቹ በአካል ቀርበው መታወቂያቸውን አሳይተው ፎቷቸውን መውሰድ እንደሚችሉ በጥሩ ወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ከእርስዎ በር አጠገብ ተለጥፏል። መናፈሻው ውስጥ እሑድ የሚዝናና ሰው ሰኞ ኮሪደርዎ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚመጣ ግን አልተጻፈበትም። የደካው አባት ማስታወቂያውን ሊያነቡ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ መጥተው፣ ካነበቡ በኋላም መታወቂያቸውን ሊያመጡ ተመልሰው ይሂዱ እንበል። ፎቶ ነው እኮ፤ የሰውየው ፊት አለበት፤ ከዚህ የበለጠ መታወቂያ ምን እንደሆነ እኔ አልተማርኩም።

4ኛ. ደረሰኝ አልሰጣችሁኝም። መዝገብ ቤት ያለችው ህይወት ጥሩ ልጅ ናት፤ ውሃ ሁሉ ሰጥታኛለች። ነገር ግን ገቢ ተደርጎ ያልተመዘገበ ዕቃ ወጪ ሊደረግ እንደማይችል፣ ስላልተመዘገበም በቢሮው እንደሌለ አስረዳችኝ። ይህን የነገረችኝ ፖስታው ያለበትን መሳቢያ በክርኗ ተደግፋ ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ካሜራው ውርስ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ያስፈልጋል ካላችሁ እዚያው ይቀመጥ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ጣቴም ከእርሱ ጋር ይቆይ። ፖስታውን ብቻ ስጡኝ። አንድ እሑድ ስጡኝ። አቶ ደጉ ከፈለጉ አጠገቤ ቆመው ይቆጣጠሩኝ፤ ከአንዱም ሰው ምንም አልቀበልም። በእምነት ለሃያ ሦስት ሰው እሑድ አመጣለሁ ብሎ ነበር፤ ሰባቱ እንዳልዋሸ አውቀዋል። ለሌሎቹ ይህንኑ ሳልነግራቸው፣ እነርሱም የልጄን ስም በክፉ ሲያነሱ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥቁሬን ማውለቅ አልችልም።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላስተማሩኝ ሕግ፣ ኮሪደርዎ ላይ ላስቀመጡልኝ ባለ ሦስት እግር ወንበር ጭምር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሥራዎ እንዲቃና፣ ስብሰባዎችዎም አንድ ቀን እንዲያልቁ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የበእምነት እናት
ወርቅአፈራሁ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ያን ረቡዕ ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ ዓይኔን ከፊትዎ ሳልነቅል የሰማሁዎት ትምህርቱ ገብቶኝ አልነበረም። የት እንዳየሁዎት እያሰብኩ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከአሥራ ስድስቱ ፎቶዎች አንዱ የእርስዎ ነው። የጥምቀት ሰሞን የተነሳ ይመስለኛል፤ እርስዎ ጎንበስ ብለዋል፤ ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ክራቫትዎን ያስተካክሉልዎታል። ልጄ በጀርባው «እናትና ልጅ፤ እናትየው ቶሎ ይፈልጉታል» ብሎ ጽፏል። ሩቅ አይደለም፤ ህይወት በክርኗ የምትደገፈው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እጅዎን ሰደድ አድርገው ያውጡት። ለእናትዎ ሲሰጧቸው፣ ያ ፎቶ አንሺ እሑድ ያልመጣው ዋሽቶ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ።