አልታዘዝ ያሉት አዲስ ስዊቾች

ጥር ፬ ቀን
ደመናማ ቀን። የመጨረሻዋ ልጄ ለኮምፒውተር መረብ ፈተናዋ ቤት ውስጥ ትለማመድባቸው ዘንድ ሁለት ስዊች ትሻለች፤ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ነው አሉ። ካላለፈች መሥሪያ ቤቷ ውሏን አያድስላትም። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሰው፣ ሰፈሩ «ብሎን» የሚለው፣ ሁለት አስቀምጦላታል። ነገ ላመጣላት ቃል ገባሁ።

ጥር ፭ ቀን
የብሎንን ዐይን አላመንሁትም። ያስቀመጠላት ሁለት የተቧጨሩ፣ አቧራ የጠገቡ፣ ሲበሩ እንደ ወፍጮ የሚጮኹ... አጠገባቸው ማሸጊያቸው ያልተነካ አዲሶች ተደርድረዋል፤ ዋጋቸውም ያው። ታዲያ አሮጌውን ሊያሸክመኝ ለምን ተጣደፈ? «ጋሼ፣ ይጮኻሉ እንጂ የሚሆኗት እነዚህ ናቸው» አለ። ሊገላገላቸው ፈልጎ ነው። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ሰው ይህ ይጠፋኛል? አዲሶቹን ይዤ ወጣሁ። ራሱን ነቀነቀ... እንደ ነቃሁበት ገብቶታል።

ጥር ፮ ቀን
ልጄ ማሸጊያውን ቀድዳ አገላብጣ አየቻቸውና መልሳ ከተተቻቸው። አዲሶቹ ሽቦ ሲሰካባቸው በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው አለችኝ ኋላ። ፈተናው ደግሞ ሣጥኑን ከኮምፒውተር ላይ በጽሑፍ ማዘዝ ነው።
«አባዬ፣ እነዚህ እኮ አይታዘዙም።»
በስልክ ብጠይቃት ምን ነበረበት?

ጥር ፯ ቀን
መለስኋቸው። ብሎን ሳይሟገት ተቀበለ። ከአሮጌዎቹ አንዱ ግን ተሸጧል፤ ልምምዱ ደግሞ ሁለቱን እርስ በርስ ማነጋገር ነው። ጥቂት አሰበና ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ሽቦዎቹን ነቃቅሎ፣ የገዛ ሱቁ የሚሠራበትን ስዊች አወጣልኝ። እስክትፈተን ትዋሰው አለ። ያለ መያዣ? ምን ፈልጎ? ልጄን አይቶ ይሆን? ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።
«እኔ ፈተናውን ሁለቴ ወድቄአለሁ ጋሼ። ከሰፈሩ አንድ ሰው እንኳ ይለፈው።»
መልሱ እጅግ ያማረ ነው... አሁንም አላመንሁም።

ጥር ፳ ቀን
ቤቱ በሣጥኖቹ ጩኸት ተናወጠ። ማንበብ ትቼአለሁ። በመካከል ሳቋ ይሰማል፤ ታዘውላት ይሆናል።

የካቲት ፫ ቀን
አለፈች።
የተዋስነውን ልመልስ ሄድሁ። ዕቃው ያለ እንከን መመለሱን ይመሰክርልኝ ብዬ ጎረቤቴን፣ ጡረተኛውን የፖስታ ሠራተኛ፣ አስከተልሁ። ብሎን ገልብጦ እንኳ አላየውም። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ እየሰካካ፣ «ስንት አመጣች?» አለኝ።
ጎረቤቴ ለምን እንዳመጣሁት በሹክሹክታ ጠየቀኝ።
ደስታዬን እንድትካፈል፣ አልሁት።
ዋሸሁ።